የሚለካህን ፈልግ

የመጨረሻው ቀን ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ «ሆዴ ነግሮኝ ነበር» ይላሉ። የእኔ ሆድ ምንም አልነገረኝም። ወንድሜ እንደ ሁልጊዜው ባጃጁን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። እናታችን ሻይና ቂጣ ሰጠችን። ከዚያ ከኋላ አስቀምጦኝ ወደ ማሾው መጋዘን ወረድን። ሥራዬ እዚያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ገበሬው ከጨፋ በኩል የሚያመጣውን የማሾ ጥራጥሬ እቀበላለሁ፣ አስነፋለሁ፣ እመዝናለሁ።

መጽሐፉ በፌስታል ተጠቅልሎ ከባጃጁ የፊት መስታወት ሥር ተቀምጧል። እሱም የተለመደ ቦታው ነው። አስፋልቱ በጭነት መኪና ተዘግቶ ስለነበር ቆምን። ወንድሜ ሞተሩን አጠፋና ወደኋላ ሳይዞር፣ «ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ» አለኝ።

ማን ጋ እንደሆነ አልጠየቅኩም። አውቃለሁ። «ምን ልትላቸው?» አልኩት።

«አፉ በሉኝ ነዋ። ሌላ ምን አለኝ?»

 ከዚያ፣ «ግን ማን ነው የነገራቸው?» አለ።

«ምን አውቄ።»

በመስታወቱ አየኝ። «በረንዳው ላይ ከነበሩት አንዱ ነው እንጂ መጽሐፉ ራሱ ተነስቶ አልሄደ» አለና ሳቀ። መንገዱ ተከፈተ። መጋዘኑ በር ላይ አወረደኝ። ተሳፋሪ ስለጠራው ሳንሰነባበት ሄደ።

የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ።

ይህን ለማስረዳት ከመጽሐፉ መጀመር አለብኝ።

ወንድሜ የገዛው ደሴ ነው። ለባጃጁ ዕቃ ሊገዛ ሄዶ፣ ዕቃው እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ገዛው። ከስፖርት ጋዜጣ ሌላ ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ለምን እንደገዛው ስጠይቀው፣ ሽፋኑ ላይ ቃሬዛ ተስሎ ስላየ ነው አለኝ። ቃሬዛ ስሎ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ልብ ወለድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ እድር አንድ ቃሬዛ ብቻ አለው፤ እሱም ይጠፋል። ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ኮሚቴው ይሰበሰብና፣ አዲስ ቃሬዛ እስኪሠራ ድረስ አባላት ከመሞት እንዲታቀቡ በሙሉ ድምፅ ይወስናል። በጣም የጠናበት ሰው ሁለት ዋስ ጠርቶ፣ ቅጽ ሞልቶ ፈቃድ ይጠይቃል። ወረፋ ይያዛል። ሰው ወረፋ ይለዋወጣል። አንድ ሽማግሌ ፈቃዱን ካገኙ በኋላ ይድኑና፣ የሰው ወረፋ አባክነዋል ተብለው ይከሰሳሉ። ሳል የያዘው ሁሉ በሩን ዘግቶ፣ ትራስ አፉ ላይ አድርጎ ይስላል።

ወንድሜ ይህን መናኸሪያው አጠገብ ተራ ሲጠብቅ እያነበበ ብቻውን ይስቅ ነበር። ተሳፋሪው ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል። እየነዳ ይነግራቸዋል። አንዳንዱ የሚወርድበትን አሳልፎ ይሄድ ነበር። በኋላ ነገሩ ከባጃጁ ወጥቶ ወደ በረንዳው መጣ።

በረንዳው የልብስ ሰፊው ነው። ከአስር ሶላት በኋላ የሰፈራችን ሰው ጫቱን ይዞ እዚያ ይቀመጣል። ወንድሜ እዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ከተቀመጡት ገሚሶቹ ጨዋታ የሚጥማቸው በኦሮምኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ በአማርኛ ያነብና መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ በኦሮምኛ ይደግመዋል። ሲደግመው እድር አይልም፤ ቅሬ ይላል። ቅሬ እኛ ጋ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው የሰፈር ማኅበር ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንዝ ቦርከና ሆነ። የኮሚቴው አዳራሽ የእኛ መስጊድ ግቢ ሆነ። ማንም አልከፋውም። እንዲያውም በኦሮምኛ የሚደግመው ከሚያነበው ይልቅ ያስቅ ነበር። አማርኛውን በደንብ የምንሰማው ሳንቀር ሁለተኛውን ነበር የምንጠብቀው።

ሰው እንዴት እንደተቀበለው መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ወንድሜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተሰምቶ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው ስለ ፈቃዱ ቅጽ ሲሰማ መርገጫውን አቁሞ፣ ቅጹ የቀበሌ ማህተም ሳይኖረው እንዴት ይሠራል ብሎ ተከራከረ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደግሞ በጭራሽ አልሳቁም። ሁሉንም በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ ለምን ከጎረቤት ቅሬ ቃሬዛ አይዋሱም ብለው ጠየቁ። ቅሬ ለቅሬ ይዋዋሳል፤ እውነታቸውን ነው። ወንድሜ መጽሐፉን ዘጋ። በማግስቱ መጥቶ፣ የጎረቤት ቅሬ ቃሬዛ አጭር ስለሆነ የሰው እግር ይተርፋል፣ መጽሐፉ ውስጥ ቀጥሎ ተጽፏል አላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አሁን ገባኝ አሉ።

አንድ የአማርኛ መምህር ለሁለት ቀን ተውሶት መለሰና ደራሲው በድሃ ይሳለቃል፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከልቡ ያዘነ አንድ ሰው የለም አለ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ የሰፈራችን ነርስም ወስዳዋለች። እስከ ግማሹ ሳቅኩ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ የማውቃቸው መሰሉኝ አለችው። ለሌላ ሰው ግን አታውስ ብላ መከረችው። አልሰማትም።

እናታችን በረንዳው ላይ አትቀመጥም። ማታ ራት ስንበላ የዕለቱን እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። እሷ የምትጨነቀው ለዳኑት ሽማግሌ ነበር። «ዛሬስ ምን አደረጓቸው?» ትላለች፣ ዘመዷ እስር ቤት ያለ ይመስል። ወንድሜም ለእሷ ሲል ነገሩን እያለሳለሰ ይነግራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲያስል «ፈቃድ አውጥተሃል?» መባል ተጀመረ። ሻይ ቤት ውስጥ ይባላል። ወረፋ የሌለበት ቦታ የለም፤ ዘይት የሚከፋፈልበትም ቦታ ይባላል። አንዴ መስጊድ በር ላይ አንድ ሰው ሳል አፍኖት ጫማውን ሲያወልቅ ሦስት ሰው እኩል ዞሮ አየው። ሦስቱም ከንፈራቸውን ነክሰው ገቡ።

አሁን ስለ ሸምበቆው ልናገር።

እኛ ጋ መቃብር የሚቆፈረው ሟቹ ከተለካ በኋላ ነው። የሚለኩት የቅሬያችን ሰብሳቢ ናቸው። ከጨፋ ረግረግ የተቆረጠ ቀጭን ሸምበቆ ይዘው ሬሳው ካለበት ይገባሉ። ከአናት እስከ ተረከዝ ያጋድሙትና በቢላ ይቆርጡታል። ቆፋሪዎቹ ያንን ይዘው ይሄዳሉ። ቀብሩ ሲያልቅ ሸምበቆው እዚያው ይቀራል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ሌላ የሚለካ ሰው የለም፤ ይኑር ያለም የለም።

አባታችን ታሞ በተኛበት ጊዜ፣ ሰብሳቢው ለቤታቸው ጣሪያ የሚሆን ሸምበቆ ከጨፋ ይዘው ሲመለሱ በዚያው ሊጠይቁት ጎራ አሉ። ሸክሙን በር ላይ አወረዱ፤ አንዷን ግን እጃቸው ላይ ረስተዋት ይዘዋት ገቡ። ወንድሜ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አባታችን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እያወራ፣ ወንድሜ ሰብሳቢው እግር ላይ ተጠምጥሞ «አልሞተም፣ ገና ነው» እያለ አለቀሰ። አባታችን ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቁ። ከዚያ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት የሚነገር ጨዋታ ሆነ፤ አባታችን ከሞተ በኋላም። ወንድሜ ግን ሲነገር ከቤት ይወጣ ነበር።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ፣ በኦሮምኛ ሲደግመው፣ የመጽሐፉ ሰብሳቢ በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ሸምበቆ ይዞ እንደሚሄድ ነገረን። ከእግር በኩል ይቀመጣል። በሽተኛውን «እስቲ እግርህን ዘርጋ፣ ደክሞሃል» ይለዋል። በዓይኑ ይለካዋል። ከዚያ ሸምበቆው ላይ በጥፍሩ ምልክት አድርጎ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ አላህ ያሽርህ ብሎ ይወጣል።

ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ማሽኑ ላይ ተደፋ። ማን እንደሆኑ የማያውቅ አልነበረም። ስም ግን አልተጠራም። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም ይልቅ የሳቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰብሳቢው ማሾ ይዘው ወደ መጋዘኑ መጡ። ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሚዛኑ ላይ ጆንያውን እያስተካከልኩ ላስቃቸው ፈለግኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ወላሂ። «አባባ፣ መጽሐፍ ላይ ወጥተዋል እኮ» አልኳቸው።

በጣም ደስ አላቸው። ይህን ነው የማልረሳው። ኮፍያቸውን አስተካከሉ፤ ልክ ፎቶ የሚነሱ ይመስል። «እኔ? ምን ብሎ ጻፈኝ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ወንድሜ እንደሚያደርገው አድርጌ፣ ድምፄን ቀይሬ፣ «እስቲ እግርህን ዘርጋ» የሚለውንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ግማሹ ላይ ስደርስ ፊታቸውን አየሁና ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። መሃል ላይ ማቆም የባሰ ስለመሰለኝ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ማሾው እስኪገለበጥ ጠበቁ። ጆንያቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱና ወጡ።

በዚያው ቀን ከአስር በኋላ በበረንዳው በኩል አለፉ። ወንድሜ እያነበበ ነበር። ቆሙና ሁሉም እስኪያያቸው ጠበቁ። ከዚያ፣ «አንተ ልጅ፣ የሚለካህን ከአሁኑ ፈልግ» አሉት።

ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት በዚያው ያልፍ ነበር። እሱ ግን ሰው ከሰማው ወዲህ ዝም ማለት አቅቶት ነበር። «አባባ፣ የእኔን ቁመት በዓይንዎ ያውቁታል እኮ» አላቸው። በረንዳው በሳቅ ሞላ። እሳቸው ሄዱ። ማታ ወንድሜ ራት አልበላም። ለእናታችንም የዕለቱን አልነገራትም። በሚቀጥለው ቀንም፣ ከዚያ በኋላም በረንዳው ላይ አላነበበም። መጨረሻውን ምዕራፍ ማንም ሳይሰማው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመጨረሻው ቀን ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጋዘኑን እየዘጋሁ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ነርሷ ነች። ቶሎ ና አለችኝ እንጂ ሌላ አልነገረችኝም። ከኮረኮንቹ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ የጭነት መኪና ወንድሜን እንደገጨው የሰማሁት መንገድ ላይ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ካደረሰኝ ባለባጃጅ ነው። ስደርስ ፊቱ ተሸፍኗል። ነርሷ ክንዴን ይዛ፣ ብዙ አልቆየም፣ አልተሰቃየም አለችኝ። እንዴት ብዬ ልጻፈው፤ በዚያች ሰዓት ወደ ጭንቅላቴ የመጣው፣ ፈቃድ አላወጣም የሚል ነበር። አስተግፊሩላህ። እኔ አይደለሁም ያሰብኩት። ግን በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው የታሰበው። ነርሷን ቀና ብዬ አየኋት፤ መጽሐፉን ያነበበች ስለሆነች እሷም ያሰበችው መሰለኝ። ዓይኗን መለሰች።

ወደ ቤት ወሰድነው። ስለ እናታችን አልጽፍም።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የቅሬው ሰዎች አካፋና ዶማቸውን ይዘው መጡ። ግቢያችን ውስጥ፣ አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እየገባ «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላል፣ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆን ነገር አልነበረም። ፀሐይ ወጣች። ቆፋሪዎቹ አልተነሱም። ማንም ለምን አትነሱም አላላቸውም፤ ሰብሳቢው እንዳልመጡ ሁሉም ያውቃል። በሩን ያያሉ፣ መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ በግምትም ቢሆን ይቆፈር ይሆን እንዴ አለኝ። ይህን ከውስጥ ሆና የሰማችው እናታችን ነች። ድምፅዋ ሌሊቱን በለቅሶ አልቆ ነበር።

«ልጄ በግምት አይቀበርም» አለች። «ሂድና አምጣቸው።»

ሄድኩ።

የሰብሳቢው ቤት ወደ ቦርከና በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። በረንዳቸው ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ኮፍያቸውን አድርገዋል። ሸምበቆው ከአጠገባቸው ግድግዳው ላይ ቆሟል። ቢላውም አለ። ለመምጣት ተዘጋጅተው ያልመጡ ሰው ነበሩ።

«አካም ቡልተን፣ አባባ» አልኳቸው። በዚያ ጠዋት እንዴት አደሩ ብሎ መጠየቅ ልክ እንደሆነ አላውቅም። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ከዚያ ተቀመጥ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«ትናንት መጥቶ ነበር» አሉ። «ከአስር በኋላ። ሞተሩን ሰማሁት። ልጄን፣ የለም፣ መስጊድ ነው በይው አልኳት። አላመናትም መሰለኝ፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ብዙ ጠበቀኝ። ከዚያ ተነሳና ሄደ።» እጃቸውን ወደ አስፋልቱ ዘረጉ። «ከዚህ ወርዶ ነው።»

እኔ ድንጋዩን አየሁት። 

ወደ ውስጥ ገብተው በፌስታል የተጠቀለለውን መጽሐፍ ይዘው ወጡ። ባጃጁ ውስጥ ስፈልገው ነበር፤ አላገኘሁትም፤ ጠፋ ብዬ ነበር። ለልጃቸው ሰጥቶ፣ አባትሽ እዚህ ውስጥ የሉም፣ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ አፉ ይበሉኝ ብሏት ሄዷል። ሰብሳቢው አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ሌሊቱን መጽሐፉን ይዘው አድረዋል መሰለኝ፤ ፌስታሉ ሞቆ ነበር።

«አንተ አንብበሃል» አሉኝ። «እውነቱን ንገረኝ። ሸምበቆው አለበት?»

«አላነበብኩም። ሲያነብ ነው የሰማሁት።»

ይህም እውነት ነው። ገለጥኩት። ፊደሉ ዓይኔ ላይ አልቆም አለ። ሁለት ሦስት ገጽ አገላብጬ ዘጋሁት። «እሱ የለም ካለ የለም፣ አባባ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሸምበቆ የለበትም። በሽተኛ የሚለካ ሰብሳቢ የለበትም። ከጎረቤት የተዋሱት አጭር ቃሬዛም የለም። የዳኑት ሽማግሌ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ብዙም አይቆዩም፤ ወንድሜ ለእናታችን እየጨመረ ያቆያቸው እንጂ። ሰፈራችን የሳቀበት አብዛኛው ነገር የእሱ ነው። ያን ጠዋት ግን ይህን አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማን እንደነገረኝ ልጄን ጠይቋት ነበር» አሉ። «አታውቅም።»

«እኔንም ጠይቆኝ ነበር። አልነገርኩትም።»

«ሃዬ፣ ይሁን» አሉ ዝግ ብለው። «አንተ አልነገርከውም። እኔ አልከፈትኩለትም።»

 ከዚያ እንሂድ፣ ሰው እየጠበቀ ነው አልኳቸው። አልተነሱም።

«አፉ ብዬዋለሁ» አሉ። «ሌሊት ነው ያልኩት፤ እሱ ባይሰማም። የቀረሁት ቂም ይዤ አይደለም። ያንን ሸምበቆ ይዤ ስገባ አንዱ ይስቃል። ሳይፈልግ ይስቃል፤ ሳቅ እንደ ሳል ነው የሚያመልጠው። በእኔ ተስቋል፣ ችያለሁ። በእሱ ሬሳ ፊት ከተሳቀ ግን እናትህን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ተቀይመው ነው የሚቀሩት ብዬ ነበር ያሰብኩት። ከበረንዳው ሰዎች ማን ሊስቅ እንደሚችል አሰብኩ። ማናቸውም ይችሉ ነበር። እኔም እችል ነበር።

«እኔ እይዘዋለሁ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሱ። ቢላዋውን እሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሸምበቆውን ሰጡኝ። ቀላል ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ከፊት፣ እኔ ሸምበቆውን ይዤ ከኋላ ሄድን።

ግቢው ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ሸምበቆውን እኔ እጅ ላይ ሲያዩ ፊታቸው ምን እንደሆነ መግለጽ አልችልም። ልብስ ሰፊው አጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሳል መጣበት። በመዳፉ ሊያፍነው ሞከረ፤ አልቻለም፤ ደጋግሞ ሳለ። ሁሉም ሰው ያቺን የፈቃድ ቃል እንዳሰባት አውቃለሁ። ከአጠገቡ የነበረው ሰው ውሃ አቀበለው። ሌላ ምንም አልተባለም። በቅሬያችን ውስጥ ያቺ ቃል ከዚያ ጠዋት በኋላ ስትባል አልሰማሁም።

ወንድሜ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። ሰብሳቢው በር ላይ ቆሙና ከዚያ ሆነው መሩኝ። በቀኝ በኩል፣ መሬት አስነካው፤ ከአናቱ ጋር እኩል አድርግ፤ ቀጥ ይበል። ተንበረከክኩ። የሸምበቆውን ጫፍ ከራሱ ጋር ሳስተካክል ጆሮው ያለበት ቦታ አጠገብ ነበርኩ። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አልኩት። ድምፄ ይሰማ አይሰማ አላውቅም። ሰብሳቢው በዚያ ጊዜ ወደ ውጭ ዞረው ነበር፤ ሰምተው ከሆነም አላሳዩኝም። ከዚያ እየተንፏቀቅኩ ወደ እግሩ ወረድኩ። ረጅም ነው። ከአባታችን ይረዝማል። ተረከዙ ያለበት ቦታ ላይ አውራ ጣቴን አደረግኩ።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት። ያው ነው።

ቢላዋውን ሰጡኝ። ያጠረ እንዳይሆን ፈራሁ። አውራ ጣቴ ካለበት አንድ ጣት አሳልፌ ቆረጥኩት። ሰብሳቢው አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ጣት አያመልጣቸውም። ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ተዉት።

ሸምበቆውን ለቆፋሪዎቹ መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። ከፊታቸው ሆኜ ራሴ ይዤው ወጣሁ። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በልብስ ሰፊው በረንዳ በኩል ያልፋል። ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ሸምበቆውን በሁለት እጄ፣ እንዳይጎብጥ፣ አግድም ይዤ በዚያ በኩል አለፍኩ። መቃብሩ ቦታ ደርሼ ሰዎቹ ባሳዩኝ መሬት ላይ አጋደምኩት። አንደኛው ቆፋሪ በዶማው ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው መስመር አሰመረና መቆፈር ጀመሩ። እኔም አካፋ ለመንኳቸው፤ ሰጡኝ።